ከእሳቱ በፊት ልኬቱ

ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ዳባት ተወልዶ ያደገ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጥቶ ገና ሳይቀመጥ ጥያቄውን አቀረበልኝ። «መምህር፣ ርችት መተኮስን ሙያ አድርጎ እንጀራ መብላት ይቻላል?» አለኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በደባርቅ አንድ አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም አስቧል። ርችት ከውጭ አስመጥተው ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ለጥምቀትም ጭምር በክፍያ ሊያሳዩ ነው። እኔም ብዙ ሳላስብ «ይህ ለእኛ አገር አይሆንም፤ ሌላ ነገር አስብ» አልሁት። አመስግኖኝ ወጣ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን የሰጠሁት መልስ የመምህር መልስ እንዳልነበረ ገባኝ። «አይሆንም» ያልሁት ለምን እንደማይሆን አውቄ ሳይሆን ጥያቄውን ፈርቼው ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ልሰጠው ይገባኝ የነበረው መልስ ነው። እርሱን የመሰሉ፣ ከሳይንስ ትምህርታቸው እንጀራ ለማውጣት የሚያስቡ ወጣቶች በየፋኩልቲው ስለማይጠፉ መልሱን ለሁሉም ማቅረቡን መረጥሁ።

አሳቤን አስቀድሜ ባጭሩ ልናገር። ሙያው ይቻላል፤ የሚጀመረው ግን ከክብሪቱ አይደለም። ርችት ዘጠኝ እጁ ልኬት፣ አንድ እጁ ብቻ እሳት ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ ለሚኖር ሰው ደግሞ የሙያው የመጀመሪያ ችሎታ መተኮስ ሳይሆን መቼና የት መተኮስ እንደሌለበት ማወቅ ነው።

ባሩድ ለስሜን እንግዳ አይደለም

ርችት በመሠረቱ ባሩድ ነው። ባሩድ ደግሞ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን ድል ያደረጉት በስሜን ምድር፣ በደረስጌ ነበር። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም እዚያው በደረስጌ ማርያም ነው። በዚያ ዘመን ባሩድ በአገር ውስጥ ይቀመም እንደነበር የታወቀ ነው። ቀማሚዎቹ የዘመናዊ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አላዩም፤ ሆኖም ሦስቱን ነገሮች ያውቋቸው ነበር፤ ከሰሉን፣ ድኙንና ከአፈር ታጥቦ የሚወጣውን ጨው።

ዛሬ ያንን ጨው ፖታሲየም ናይትሬት ብለን እንጠራዋለን። በተለመደው የባሩድ ቅመም ውስጥ በክብደት 75 ከመቶ የሚሆነው እርሱ ነው፤ ከሰል 15፣ ድኝ ደግሞ 10 ከመቶ ይይዛሉ። ከሰሉና ድኙ ነዳጅ ናቸው። ጨው የሚሠራው ሥራ ኦክስጅን ማቀበል ነው። ተራ እንጨት ሲነድ ኦክስጅኑን ከአየር ይወስዳል፤ ስለዚህም አየር ስንከለክለው ይጠፋል። ባሩድ ግን ኦክስጅኑን በሆዱ ይዞ ይዞራል። በተዘጋ ነገር ውስጥ ሆኖ የሚነደውም፣ ከተቀጣጠለ በኋላ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማጥፋት የማይቻለውም ለዚህ ነው። ይህን አንድ ነጥብ በሚገባ የተረዳ ሰው ርችትን እንደ ትልቅ ሻማ አይቆጥረውም።

ልኬት ሲጎድል የሚመጣውንም ታሪካችን ያውቀዋል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አቅራቢያ በአሮጌ በተደረገው ውጊያ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ታላላቅ መድፎች አንዱ ባሩዱ ከመጠን በላይ ስለተጎሰጎሰበት በመጀመሪያው ተኩስ እንደተሰነጠቀ ተጽፏል። መድፉን ያፈረሰው የጠላት ጥይት ሳይሆን ያልተመዘነ የራሱ ጉርሻ ነበር።

በሰማይ ላይ የሚታየው ምንድን ነው?

የርችት ኳስ ከወፍራም ወረቀት የሚሠራ ዕቃ ነው። ከሥሩ የሚያስወነጭፈው ባሩድ አለ፤ በውስጡ «ኮከብ» የሚባሉ ቀለም ሰጪ እንክብሎችና የሚበትናቸው ሌላ ባሩድ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ጊዜ የሚቆጥር የእሳት ክር አለ። ኳሱ ከመተኮሻ ቱቦው ሲወጣ ክሩ ይለኮሳል፤ ኳሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ክሩም ያልቃል፤ ኮከቦቹም ይበተናሉ። ነገሩ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ቀለሙን የሚሰጡት የብረታ ብረት ውሑዶች ናቸው። አተሞቹና ሞለኪውሎቹ ከሙቀቱ ኃይል ተቀብለው ኋላ መልሰው ሲለቁት፣ እያንዳንዱ የራሱን የብርሃን ሞገድ ያወጣል። ባሪየም አረንጓዴ፣ ሶዲየም ቢጫ፣ ስትሮንሺየም ቀይ ይሰጣል፤ የሰንደቅ ዓላማችን ሦስት ቀለማት በሦስት ንጥረ ነገሮች ሰማይ ላይ ይጻፋሉ ማለት ነው። ካልሲየም ብርቱካናማ፣ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ነጭ ብርሃን ያወጣሉ። ሰማያዊው የሚገኘው ከመዳብ ነው። ሆኖም ሰማያዊውን የሚያበራው የመዳብና የክሎሪን ውሑድ ሙቀት ሲበዛበት ስለሚፈራርስ፣ ደማቅ ሰማያዊ ርችት ማውጣት ለባለሙያዎች እስከ ዛሬ የችሎታ መፈተኛ ነው።

ይህን በየትኛውም የኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ማግኘት ይቻላል። በመጽሐፍ የማይገኘው የደባርቅ አየር ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ኳሱን የሚገታው ኃይል ይቀንሳል፤ ኳሱም ከተለመደው ከፍ ብሎ ይወጣል። በሌላ በኩል የባሩድ ክር ግፊቱ ሲቀንስ ዝግ ብሎ ይነዳል። ይህ ጠባይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን መምቻ ጥይቶች ሲተኮሱ የታወቀ ነው። ታዲያ የኳሱ ጉዞና የክሩ ዕድሜ ሁለቱም ሲረዝሙ ተካክሰው ይቀራሉ? ወይስ ክሩ ዘግይቶ ኳሱ ወደ መሬት መመለስ ከጀመረ በኋላ ይፈነዳል? መልሱ የሚገኘው በስሌትና በባለሙያ ቁጥጥር በሚደረግ ሙከራ ብቻ ነው። ቆላ ላይ ያማረ ርችት ደጋ ላይ እሳቱን ሣር ላይ ሊያራግፍ ይችላል። ለዚያ ተማሪ ልነግረው የሚገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ ድርጅቱ ከማስታወቂያው በፊት የሚያስፈልገው የስሌት ደብተር ነው።

ሙያው በሌላው ዓለም እንዴት ይጀመራል?

የዓለም ርችት አብዛኛው የሚመረተው በቻይና ነው፤ በሁናን ክፍለ አገር የምትገኘው ሊዩያንግ በዚህ የታወቀች ከተማ ናት። በሌሎች አገሮች ያሉ አሳያዎች በአብዛኛው የተሠራውን ገዝተው የሚተኩሱ ናቸው። ይሁን እንጂ ገዝቶ ለመተኮስም ቢሆን ማንም ሰው አይፈቀድለትም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ርችቶች በአራት ደረጃ ይከፈላሉ፤ አራተኛው ደረጃ ልዩ ዕውቀት ላላቸው ሰዎች ብቻ የተተወ ነው።

ወደዚያ ዕውቀት የሚደርሱትም ከታች ጀምረው ነው። ጀማሪው ቱቦ ይሸከማል፣ አሸዋ ይሞላል፣ ሽቦ ይዘረጋል። ትርኢቱ ሲያልቅ ተመልካቹ እያጨበጨበ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጀማሪው ግን እዚያው ይቀራል። ያልፈነዳ ኳስ ካለ ማንም እንዳይጠጋ እያደረገ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይጠብቃል፤ በማግስቱም ጎሕ ሲቀድ ሜዳውን እያንዳንዷን ስንዝር ይፈትሻል። አንድ ሕፃን ያልፈነዳ ኳስ አግኝቶ ወደ ቤቱ ቢወስድ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። አንድ ሰው ለዚህ ሙያ መብቃቱ የሚለካው በማታው ድምቀት ሳይሆን በማለዳው ፍተሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የርቀት ልክም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር መመሪያ፣ ኳሱ ለሚኖረው ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት ተመልካቹ 21 ሜትር ያህል እንዲርቅ ያዛል። እንግዲህ ሦስት ኢንች ማለትም 75 ሚሊሜትር ለሆነች አነስተኛ ኳስ 64 ሜትር፣ ለባለ ስድስት ኢንቿ ደግሞ 128 ሜትር ባዶ ቦታ በዙሪያዋ ያስፈልጋል። በየሠርግ ቤቱ ግቢ ይህን ያህል ስፋት ከየት ይመጣል? ልኬቱን ብቻ በማወቅ ተማሪዬ ካሰባቸው ሥራዎች ግማሹን ራሱ ይሰርዘው ነበር።

ሕጉ ሲላላ የሚደርሰው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 በኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ከተማ፣ በመኖሪያ ሰፈር መካከል የነበረ የርችት መጋዘን ፈንድቶ 23 ሰዎች ሞተዋል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤቶችም ወድመዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በሜክሲኮ ቱልቴፔክ በርችት ገበያ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከአርባ በላይ ሰዎች አልቀዋል። በሁለቱም ቦታዎች አደጋው የደረሰው ትርኢት በሚታይበት ሰዓት ሳይሆን ርችቱ በተከማቸበት ስፍራ ነው። ስለዚህ «የት እንተኩሰዋለን?» ከማለት በፊት «የት እናስቀምጠዋለን?» ማለት ይቀድማል።

በእኛ ምድር ያሉት ሦስት ፈተናዎች

የመጀመሪያው ፈተና ደረቅ ሣር ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው በደባርቅ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ነበር። ከዚያ መዝገብ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ጓሳውንና አስታውን የበላ ቃጠሎ ተነሣ። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ሲታገለው ሰነበተ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ተደረሰ። ያን ወቅት የሚያስታውስ ሰው በበጋ ወራት በዚያ አካባቢ አንዲት የምትነድ ኮከብ ወደ መሬት እንድትወርድ አይፈቅድም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እሳት የሚበራባቸው ታላላቅ በዓሎቻችን መቼ ነው የሚውሉት? የቡሄ ችቦ በነሐሴ አጋማሽ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በጳጉሜን መጨረሻ፣ ደመራ በመስከረም 16 ነው። ሁሉም ምድሪቱ ክረምቱን ጠጥታ በለመለመችበት ጊዜ ይውላሉ። ጥምቀት የሚውለው በበጋ ነው፤ በዓሉ ግን የውኃ በዓል ነው። አባቶቻችን ቀኖቹን የመረጡት ቃጠሎን አስበው ነው አልልም፤ የበዓላቱ ምክንያት ሃይማኖታዊ ነው። ሆኖም ይህ የዘመን አቆጣጠር ለርችት አሳያው ከማንኛውም የውጭ መመሪያ የበለጠ ያገለግለዋል። በችቦ ወራት እንጂ በድርቅ ወራት አይተኮስም።

ሁለተኛው ፈተና የዱር እንስሳት ናቸው። ጭላዳ ቀን በሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ውሎ ሲመሽ ከገደሉ ፊት ወርዶ በጠባብ እርከኖች ላይ ያድራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ በእኩለ ሌሊት መደናገጥ ማለት ግልገል ከገደል መውደቅ ማለት ሊሆን ይችላል። ዋልያም ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የሚቆጠር፣ በዓለም ላይ ከዚህ ምድር በቀር በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። ገደሉ ድምፅን መልሶ ያስተጋባል፤ አንዱ ፍንዳታ ሦስት ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ በፓርኩና በአፋፉ ላይ መተኮስ በክረምትም ቢሆን የማይታሰብ ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ፈተና የሰው ጆሮ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በዳባትና በደባርቅ ያሉ እናቶች በዚያ ክረምት የከባድ መሣሪያ ድምፅ እየሰሙ አድረዋል። ከዚያም ወዲህ የተኩስ ድምፅ ከክልላችን አልራቀም። የርችት ብልጭታ ቀድሞ ይታያል፤ ድምፁ በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ሰከንድ ያህል እየዘገየ ይከተላል። ሜዳው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ብልጭታውንም አበባውንም ስለሚያይ አይደነግጥም። ከኮረብታው ማዶ በቤቷ የተኛች ሴት የምትሰማው ግን ድምፁን ብቻ ነው። ድምፁ ብቻውን ሲመጣ ርችት ይሁን መድፍ የሚለየው ነገር የለም። በአዲስ አበባም በቅርብ ዓመታት በዓል በመጣ ቁጥር ፖሊስ ርችት እንዳይተኮስ ማሳሰቡ ያለ ምክንያት አይደለም።

«ታዲያ ይቅር» የሚሉኝ አሉ

እስካሁን ያነበበ ሰው «ታዲያ መጀመሪያ እንዳልኸው አይሆንም ማለት አይደለም ወይ? ደግሞስ ኑሮ በከበደበት ጊዜ ገንዘብን አየር ላይ ማቃጠል ምን ይባላል?» ይለኝ ይሆናል። ሚዛን የሚደፋ ጥያቄ ነው። እኔም ለእያንዳንዱ ሠርግ ርችት ይተኮስ አልልም።

ነገር ግን አንድ የማንክደው እውነት አለ። በአገራችን ደስታ ድምፅ ይፈልጋል። በቡሄ ልጆች የሚያጮኹት ጅራፍ ምስክር ነው። የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በልጦ ሲሄድ አየሩን ሰንጥቆ ያንን ጩኸት ያወጣል፤ የእረኛው ልጅ ማንንም ሳይጎዳ ትንሽዬ ነጎድጓድ ይሠራል ማለት ነው። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለው ተረት ሳይንሱንም ይዞታል። አዋቂው ግን በሠርግና በክርስትና ላይ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ ይተኩሳል። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ደግሞ ሰማይ ላይ አይቀርም፤ በሌላ ሰው ጣሪያ ወይም ራስ ላይ ተመልሶ ይወርዳል። በተለካ ቦታ፣ በታወቀ ቀን፣ ፈቃድ ባለው ሰው የሚታይ አንድ የከተማ ትርኢት በየደጁ የሚተኮሰውን ጥይት ሊተካ ከቻለ፣ የተማሪዬ አሳብ ቅንጦት ሳይሆን የደኅንነት ሥራ ይሆናል። «አይሆንም» ያልሁበትን ዕለት የሚያስቆጨኝ ይህን ሳላይ መቅረቴ ነው።

ከየት ይጀመር?

ለርሱና ለመሰሎቹ የምመክረው እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ባሩድ በመኝታ ክፍልም ሆነ በቤተ ሙከራ ጓዳ አትቀምሙ። ከልብስ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ወይም ትንሽ ፍትጊያ እጅና ዓይን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ለልኬት ስጡት። የከተማችሁን ነፋስ በየወሩ መዝግቡ፤ በተራራ አገር ነፋሱ ቀን ሽቅብ፣ ማታ ቁልቁል እንደሚነፍስ በገዛ ዓይናችሁ አረጋግጡ። የደመራው ፍንጣሪ ስንት ሜትር ርቆ እንደሚወድቅ ለኩ። የነጎድጓድን ብልጭታና ድምፅ በሰዓት ቆጥራችሁ ርቀቱን አስሉ። ይህ ሁሉ አንድ ብር ርችት ሳይገዛ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ቅርብ ካሉ ሙያዎች ተማሩ። በየመንገድ ሥራውና በየድንጋይ ካባው በድማሚት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ማከማቸትን፣ መቁጠርን፣ ማስጠንቀቅን፣ ያልፈነዳውን መጠበቅን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም እንዲሁ። ከእነዚህ ጋር ጥቂት ዓመት የሠራ ሰው ወደ ውጭ ሄዶ ከአንድ የርችት ድርጅት ጋር ረዳት ሆኖ ለመሥራት ቢያመለክት ባዶ እጁን አይሄድም።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ስትጠይቁ የጸጥታ አካላትን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም ጠይቁ። ትርኢቱ ከመታየቱ ከቀናት በፊት በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በየዕድሩ ጡሩምባ ይነገር። ፍንዳታው የበረታውን ዓይነት ትታችሁ ቀለሙ የሚያምረውንና ድምፁ ዝቅ ያለውን ምረጡ። ያዘኑ ሰዎች ባሉበት ሰፈር አቅራቢያ ደግሞ ጨርሶ ይቅር።

አራተኛ፣ ሰማይን ለማብራት እሳት ብቻ መንገድ አለመሆኑን አስቡ። በ2000 ዓ.ም. መባቻ አዲስ አበባ ሚሌኒየሙን በርችት ተቀብላለች። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ግን በዋዜማው ሰማዩ ላይ የታዩት የሌዘር ጨረሮችና በብርሃን ጽሑፍ የሚጽፉ ድሮኖች ነበሩ። ድሮን ሣር አያቃጥልም፤ ድምፁም መድፍ አይመስልም። ፈቃዱ የራሱ ጣጣ ቢኖረውም፣ ለደባርቅ ወጣት የነገው ሥራ ምናልባት በዚህ በኩል ይሆናል። ደባርቅ አሁን የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናትና የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የኮምፒዩተር ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ይህን ቢያጠኑ ያምርባቸዋል።

ያ ተማሪ ዳግመኛ በሬን ቢያንኳኳ «አይሆንም» አልለውም። «ተቀመጥ» እለዋለሁ። ወረቀትና እርሳስ ሰጥቼም «አንድ የ75 ሚሊሜትር ኳስ በደባርቅ አየር ላይ ስንት ሜትር ትወጣለች? ክሯስ መቼ ያልቃል? ከዚያ ቦታ እስከ መጀመሪያው ደረቅ ሣር፣ እስከ መጀመሪያዋ የተኛች እናት ስንት ሜትር ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። መልሱን ይዞ የመጣ ዕለት ሙያውን ጀምሯል። መልሱ «በዚህ ቦታ፣ በዚህ ወር አይተኮስም» የሚል ሆኖ ቢያገኘውና ክብሪቱን ወደ ኪሱ ቢመልስ ደግሞ ባለሙያ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው።